ሲት ሱዓድ አንድ ጊዜ ብቻ ትጠይቅ ነበር

ትናንት ተቀጠርኩ። የትምህርት ቤታችን ዳይሬክተር ወይዘሮ አስቴር ቢሯቸው አስጠርተውኝ፣ መነጽራቸውን ወደ ግንባራቸው ገፋ አድርገው፣ «ሰሚራ፣ ከቅዳሜ ጀምሮ የትንንሾቹ ክፍል ረዳት አስተማሪ ነሽ» አሉኝ። እኔው ራሴ ሀ ሁ ብዬ የጀመርኩበት ክፍል ነው። «ሐሙስ ሐሙስ ደግሞ ልጆቹ ሲወጡ እኔና አንቺ ለብቻችን እንቀመጣለን። የከበደሽንም የጎደለሽንም ትነግሪኛለሽ» ብለው ጨመሩልኝ። እሺ ብዬ ወጣሁ። ደስ ብሎኛል፤ ደስ እንዳለኝ ግን ቶሎ አላወቅሁም። እግር ብዙ ሰዓት ታጥፎ ቆይቶ ሲዘረጋ መጀመሪያ የሌላ ሰው እግር ይመስላል አይደል? ደስታዬም እንደዚያ ሆነብኝ። ሃፍላ የሚሉት አውቶቡስ ውስጥ በመስኮት በኩል ተቀምጬ፣ አቧራው ፊቴ ላይ እየመጣ፣ ረዳቱ «ሱቅ ዐረቢ፣ ሱቅ ዐረቢ!» እያለ በሩን ሲደበድብ፣ ጆሮዬ ላይ የቀረችው አንዲት ቃል ነበረች፤ ሐሙስ። ከዚያ በኋላ ያለሁበትን መንገድ ትቼ በሐሳቤ ሌላ፣ የድሮ መንገድ ላይ ሄድኩ።

የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ ምን ትዝታ አላት ትሉ ይሆናል። ካርቱም ላደገ ሰው ግን ጥቂት ዓመት ብዙ ነው። የዛሬ ሰባት ዓመት ገደማ ገንዘቡ ዲናር ይባል ነበር፤ ሰዉ ግን በአፉ በድሮው ገንዘብ ጁኔ እያለ ስለሚቆጥር፣ አንድ ኪሎ ሽንኩርት ለመግዛት እንኳ ባለሱቁና ገዢው ዜሮ ሲጨምሩና ሲቀንሱ ይቆያሉ። እናቴ ሁልጊዜ በጁኔ ሰምታ በዲናር ትደነግጥ ነበር። ሪክሻ የሚሉት ባጃጅ እንዲህ መንገዱን አልሞላውም ነበር። አገር ቤት መደወል የፈለገ ስልክ ቤት ሄዶ ተራ ይጠብቃል፤ ከዚያ መስተዋቱ ሳጥን ውስጥ ገብቶ በላብ እየተጠመቀ ይጮኻል፤ ውጭ ያለነው ሁላችን የማንን ላም ማን እንደሸጠ እንሰማለን። ሱቅ ዐረቢ የሚባለው ገበያ ጥግ ላይ ካሴት የሚሸጥ አንድ ሱዳናዊ ነበር። አማርኛ አንድ ቃል አያውቅም፤ የእኛን ዘፈን ግን ቀኑን ሙሉ ያስጮኸዋል። ሐበሻ ሲያልፍ ካየ ከወንበሩ ሳይነሳ ትከሻውን ይሰብቅና «ያ ሐበሻ፣ ተማም?» ይላል፤ ሁሉ ደህና ማለቱ ነው። እናቴ እጄን ጎተት አድርጋ ታሳልፈኛለች። አረንጓዴ መደብ ላይ ነጭ ነጠብጣብ ያለው ጦብ ነበራት፤ ሱዳናውያን ሴቶች የሚለብሱትን እሱን ነው የምላችሁ። ነፋስ በመጣ ቁጥር ከራሷ ላይ ይሸሻታል። የሀገሩ ሴቶች ሲለብሱት እንደ ውሃ ይፈሳል፤ እሷ ግን በመርፌ ቁልፍ ትይዘዋለች። እኔ ሰማያዊ የላስቲክ ሺብሺብ ጫማ አለኝ፤ አንደኛው ማሰሪያው ተበጥሶ በሽቦ የታሰረ። ቅር ይለኝ እንደሆነ አላስታውስም። ያን ዘመን ሳስታውስ ነገሩ ሁሉ ቁልጭ ብሎ ይታየኛል፤ እኔ ምን ይሰማኝ እንደነበር ግን ባዶ ነው።

እናቴ ዘሐራ ዐማራት የሚባለው የካርቱም ሰፈር ውስጥ ሲት ሱዓድ ቤት ተቀጥራ ትሠራ ነበር፤ ሲት ማለት እንደ ወይዘሮ ነው። አባቴ ባሕር ማዶ ሠርቼ ልምጣ ብሎ ሄዶ ድምፁ ጠፍቷል፤ ስለዚህ እኔን የምትተውበት ሰው አልነበራትም። በየማለዳው ይዛኝ ትሄዳለች። ወጥ ቤቱ ውስጥ ዱካ ላይ ቁጭ እላለሁ፤ ሽንኩርት እልጣለሁ፤ ቅጠል እቀነጥሳለሁ። የዚያ ቤት ሽታ እስከ ዛሬ አፍንጫዬ ላይ አለ፤ መስኮቱ ላይ የተገጠመው የሙከየፉ እርጥብ ገለባ ሽታ። ሙከየፍ ማለት ውሃ በገለባ ላይ እያንጠባጠበ ቀዝቃዛ ነፋስ የሚያስገባው ሣጥን ነው። ከውጭ እሳት ከመሰለው ፀሐይ ሲገቡ ያ ሽታ ዝናብ ያገኘው ጭድ ይመስላል። ሲት ሱዓድ አንድ ትልቅ መሥሪያ ቤት ውስጥ ሙዲራ ነበረች፤ የብዙ ሰው አለቃ። ጠዋት ከነሽቶዋ ትወጣለች፤ ምሳ ሰዓት ላይ ደክሟት ትገባለች። ክፉ ሴት አልነበረችም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው፣ ታሪኩን ስነግር ሰው ሁሉ ክፋቷን እየጠበቀ ስለሚሰማኝ ነው።

ታዲያ ሲት ሱዓድ አንድ ልማድ ነበራት። ሐሙስ ከዐስር ሶላት በኋላ በረንዳው ላይ ትቀመጥና የቤቱን ሠራተኛ አንድ በአንድ፣ ለብቻ ለብቻ ትጠራለች። «መሥሪያ ቤት እያንዳንዱን ሠራተኛ በሳምንት አንድ ቀን ለብቻው አስቀምጬ አነጋግረዋለሁ። ቤቴ የሚሠራው ምን አንሶት ነው የማላነጋግረው?» ትል ነበር። መጀመሪያ የሚገባው ዘበኛው ዓም ኢድሪስ ነው። ዓም ኢድሪስ ገና ሳይቀመጥ፣ «ያ ሲት ሱዓድ፣ ዛሬ ሁለት ነገር እፈልጋለሁ። አንዱን ከልክዪኝ፣ አንዱን ስጪኝ» ይላታል። ትስቃለች። እሱም አንዱን ይዞ ይወጣል፤ አንድ ቀን አዲስ ብርድ ልብስ፣ አንድ ቀን የሦስት ቀን ፈቃድ፣ አንድ ቀን ለበሩ ጥላ። ቀጥሎ እናቴ ትገባለች። የወጥ ቤቱ መስኮት ወደ በረንዳው ስለሆነ እኔ ሁሉን እሰማለሁ። የወተት ሻይና ትኩስ ለጊማት ይቀርባል፤ ስኳር የተነሰነሰበት ድቡልቡል ብስኩት በሉት። እናቴ «ጠጥቻለሁ» ትላለች። ሲት ሱዓድ «ወላሂ ትጠጫለሽ!» ትላለች። «አልሐምዱሊላህ፣ በቃኝ።» «ወላሂ ካልጠጣሽ እኔም አልጠጣም!» «ኧረ ተይ ሲት ሱዓድ።» «ወላሂ!» በሦስተኛው እናቴ ብርጭቆውን ትቀበላለች። ከዚያ ጥያቄው ይመጣል። «ዘሐራ፣ ኩሉ ተማም? የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?» እናቴ ሁለት እጆቿን ጉልበቷ ላይ አድርጋ፣ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ፣ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለም» ትላለች። «ተማም» ትላለች ሲት ሱዓድ፤ ቀጥሎ ስለ መጪው ሳምንት እንግዶች ይወራል። አለቀ። ለሚቀጥለው ሐሙስ።

የጎደለው ነገር እኔ ነበርኩ። አሥራ አንድ ዓመት ሊሞላኝ ነው፤ ትምህርት ቤት አልገባሁም። ዓረብኛውን ከመንገድ ለቅሜዋለሁ፤ አማርኛውን ከእናቴ አፍ። ማንበብ በየትኛውም አልችልም። የሐበሻ ልጆች የሚማሩበት ትምህርት ቤት ከዐማራት ሁለት ሃፍላ ይርቃል። ጠዋት አንዲት ጎረቤታችን ወደዚያው ስለምትሄድ ልታደርሰኝ ትችላለች፤ ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ግን የሚያመጣኝ ያስፈልጋል፤ ሴት ልጅ በዚያ ግርግር ብቻዋን አትለቀቅም። ስድስት ሰዓት ደግሞ እናቴ ድስት ላይ የምታፈጥበት ሰዓት ነው። የምትፈልገው የአንድ ሰዓት ተኩል ፈቃድ ነበር። ያ ክረምት ሲገባ ትምህርት ቤቱ ሄዳ ብትጠይቅ እንዲህ ተባለች፤ «በዚህ መስከረም ካልገባች፣ ለሚቀጥለው ዓመት ከትንንሾቹ ጋር ለመቀመጥ ዕድሜዋ ያልፋል፤ አንቀበላትም።» እናቴ ሰማች፤ ተመለሰች፤ ሐሙስ መጣ፤ «አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለም» አለች። ሌላ ሐሙስ መጣ፤ ያንኑ አለች። ማታ አንገረቡ ላይ በጀርባዋ ተንጋላ ጣሪያውን ታያለች። አታለቅስም። እኔም አላለቅስም። ጠዋት ከሃፍላው መስኮት ዩኒፎርም የለበሱ ልጆች ቦርሳቸውን አንጠልጥለው ሲሻገሩ አያለሁ፤ ልክ ፍየል ሲሻገር እንደሚታየው አያቸዋለሁ። አልቀናሁም። ቅናት እንኳ ትንሽ ሙቀት ይፈልጋል መሰለኝ።

ነገሩን የቀየሩት እትዬ ሐዋ ናቸው። እትዬ ሐዋ ዴም በሚባለው ሰፈር እኛ በምንኖርበት ግቢ ከበሩ አጠገብ ያለው ክፍል ውስጥ የሚኖሩ የወሎ ሴት ናቸው፤ ካርቱም የገቡት እኔ ሳልወለድ ነው። ያልሠሩበት ቤት የለም፤ ምላሳቸው ደግሞ ምላጭ። አንድ ዓርብ ከሰዓት፣ እናቴ ግማሽ ቀን ሠርታ ባረፈችበት፣ ግቢው ውስጥ ልብስ ስናሰጣ አጠገባችን መጥተው ቆሙ።

«ዘሐራ፣ ይቺን ልጅ ምን አድርገሻት ነው እንዲህ አፏ የተለጎመው?»

«ምን አደረግኋት እትዬ፤ የትምህርት ቤት ነገር ነው የቸገረን።»

«ለሴትዮዋ ነግረሻት እምቢ አለችሽ?»

«አልነገርኳትም።»

«ሐሙስ ሐሙስ ትጠራሽ የለም እንዴ? ወይስ ለጊማት ልትበዪ ነው የምትሄጂው?»

«ትጠራኛለች። ግን ከልቧ አትጠይቀኝም።»

«ልቧን ገልጠሽ አየሽው?»

እናቴ የያዘችውን እርጥብ ልብስ ገመዱ ላይ ጣለችው። «ኧረ እትዬ! ለሻዩ ሦስት ጊዜ ወላሂ ብላ ትምላለች። ለእኔ ጉዳይ ግን አንድ ጊዜ ብቻ ‹የሚያስፈልግሽ አለ?› ትልና ታልፋለች። የምሯን ቢሆን ደግማ አትጠይቀኝም ነበር? እኛ አገር አንድ ጊዜ ‹ብላ› የተባለ እንግዳ እጁን ይሰዳል? ሆዳም ነው የሚባለው።»

እትዬ ሐዋ ሳቃቸውን ለቀቁት። የወርቅ ጥርሳቸው ብልጭ አለ። «ወይ የኛ ሰው! ሴትዮዋ እኮ ሁለት ቦታ ነው ያደገችው። ሻዩ የእናቷ ቤት ነው፤ ጥያቄው የቢሮዋ ነው። ቢሮ ውስጥ ሰው ‹በሞቴ ተናገር› ተብሎ አይለመንም። አንድ ጊዜ በሩ ይከፈታል፤ ከገባሽ ገባሽ።»

«ታዲያ እንደ ዓም ኢድሪስ ልሁን? ገና ሳይቀመጥ ነው ስጪኝ የሚለው፤ ባለጌ!»

«ኢድሪስ ባለጌ መሰለሽ? ሁለት ይዞ የሚገባው አንዱን እንድትከለክለው ነው። የከለከለ ሰው ያዝናል፤ ሁለተኛውን ይሰጣል። ነይ፣ ቁጭ በይ እስቲ።»

ከገመዱ ላይ ያልደረቀ አንሶላ አውርደው እንደ ጦብ ራሳቸው ላይ ጣል አደረጉ፤ የላስቲክ ወንበሩ ላይ እግራቸውን አነባብረው ተቀመጡ፤ አፍንጫቸውን ወደ ላይ አደረጉ። «ዘሐራ! ኩሉ ተማም? የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለም» አለች እናቴ። አፏ ለምዶታል።

«አልሐምዱሊላህ ለአላህ ይባላል፤ ለእኔ ጉዳይሽን ንገሪኝ! እንደገና። ኩሉ ተማም?»

«አልሐምዱ...»

«ዝም በይ! ይቺን ሴት ማን ቀጠራት?» አሉ ወደ እኔ ዞረው። መልሰው ለእናቴ፣ «ችግርሽን ብቻ ተሸክመሽ አትግቢ። የምሳዋን ነገር አስበሽበት ግቢ። ‹እኔ ስወጣ ድስቱ እንዲህ ይሆናል፣ ስመለስ እንዲህ አደርጋለሁ› በያት። አለቃ መጀመሪያ የሚሰማው ሆዱን ነው። አሁን እንደገና!» ፀሐይዋ ግድግዳው ላይ እስክትወጣ ድረስ ደጋገሙት። እናቴ አንዴ እንኳ አልቻለችም። አፏን ስትከፍት የሚወጣው ያው የለመደችው ነው። በመጨረሻ እትዬ ሐዋ አንሶላውን አውልቀው ገመዱ ላይ መለሱትና፣ «እንግዲህ አላህ ያውቅልሻል» ብለው ገቡ።

ሐሙስ መጣ። እኔ ዱካዬ ላይ ተቀምጬ የሙሉኺያ ቅጠል እቀነጥሳለሁ። ዓም ኢድሪስ ገባ፤ ሳቅ ተሰማ፤ አዲስ የእጅ ባትሪ ይዞ ወጣ፤ በመስኮቱ በኩል ሲያልፍ እያበራ ዓይኔ ላይ አደረገብኝ። እናቴ ጦቧን አስተካክላ ገባች። ሻዩ ሦስት ወላሂ በልቶ ተጠጣ። ከዚያ ሲት ሱዓድ፣ «ዘሐራ፣ ኩሉ ተማም? የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?» አለች።

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም አልጎደለም።»

ሰማሁት። ቅጠሌን ቀጠልኩ። እጄ አልቆመም፤ ልቤም አልደነገጠም። እንዲህ ነው የሚሆነው ብዬ ሳልጠብቅ አልቀረሁም።

«ተማም። እንግዲህ ሰኞ እንግዶች ስላሉን ዓሣውን...»

«ሲት ሱዓድ።»

«ነዓም?»

«ደግመሽ ጠይቂኝ።»

የሙከየፉ ውሃ ሲንጠባጠብ ይሰማል። «ምኑን?» አለች ሲት ሱዓድ።

«አሁን የጠየቅሽኝን።»

«የሚያስፈልግሽ ነገር አለ ወይ?»

«አልሐምዱሊላህ፣ ምንም...» የእናቴ ድምፅ ተሰበረ።

«ዘሐራ፣ አሞሻል እንዴ?»

«አላመመኝም። አንድ ጊዜ ብቻ ጨምሪልኝ። ሦስተኛውን።»

ሲት ሱዓድ ብርጭቆዋን ጠረጴዛው ላይ ስታስቀምጥ ተሰማኝ። የማታውቀው ጨዋታ ውስጥ እንደገባ ሰው ቀስ ብላ፣ ቃሉን አንድ በአንድ፣ «ዘሐራ፣ የሚያስፈልግሽ ነገር አለ?» አለቻት።

«አለ!» አለች እናቴ። ከዚያ ዓረብኛውም አማርኛውም ተደባልቆ ወጣ። «ልጄ ትማርልኝ። መስከረም ካለፈ አይቀበሏትም። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ወጥቼ አመጣታለሁ። ወጡን ሳልወጣ እጨርሰዋለሁ፤ ኪስራውን ጠዋት እጋግረዋለሁ፤ ስመለስ ሩዙን ብቻ ነው። አንቺ ከቢሮ ሳትገቢ ምሳው ጠረጴዛ ላይ ይሆናል። አንድ ቀን ካዘገየሁብሽ ያን ቀን ትከለክዪኛለሽ።»

«ይቺ ልጅ አትማርም?»

«አትማርም።»

«እኔ እኮ የጠዋት ተማሪ ናት ብዬ...» ሲት ሱዓድ ወደ መስኮቱ ዞር ስትል ዓይን ለዓይን ተገጣጠምን። ቅጠሉን ይዤ ቀረሁ። «ዘሐራ፣ በየሳምንቱ ጠይቄሻለሁ እኮ። ስንት ሐሙስ!»

«ጠይቀሽኛል» አለች እናቴ። «አንድ አንድ ጊዜ።»

ሲት ሱዓድ አልሳቀችም፤ አልተቆጣችምም። «ያላ፣ ሄደሽ አስመዝግቢያት» አለች። እናቴ ወጥ ቤት ገብታ ብርጭቆዎቹን አጠበች። «ቅጠሉን ጨረስሽ?» አለችኝ። «ጨረስኩ» አልኳት። ይኸው ነበር። አልተቃቀፍንም። በሃፍላው ስንመለስ እሷ እንቅልፍ ወሰዳት፤ እኔ ሱቅ ዐረቢ ላይ ያ ካሴት ሻጭ ዕቃውን ሲሰበስብ አየሁት።

ከዚያ ወዲህ ሲት ሱዓድ ሐሙስ በመጣ ቁጥር ሦስት ጊዜ መጠየቅ ጀመረች። መጀመሪያ በጣቷ እየቆጠረች፣ እንደ ቀልድ፤ በኋላ ግን ለመዳት። እናቴ ሁለቱን በአልሐምዱሊላህ ታሳልፍና ሦስተኛው ላይ ትናገራለች፤ የድስቱ እጀታ ላልቷል፣ ወገቤን አሞኛል፣ ዓርብን ሙሉ ልረፍ። ዓም ኢድሪስ፣ «እኔን አንድ ጊዜ፣ ሐበሺያዋን ሦስት ጊዜ? ይህ ፍትሕ ነው?» እያለ ያጉረመርም ነበር። ሲት ሱዓድ ጡረታ ወጥታ ልጆቿ ዘንድ እስክትሄድ ድረስ እንዲሁ ቀጠሉ። እኔም መስከረም ላይ ከትንንሾቹ ጋር ገባሁ። ጉልበቴ ከዴስኩ በታች አልገባ ብሎ በጎን ነበር የምቀመጠው። ልጆቹ «አክስቴ» ይሉኝ ነበር። ፊደሉን ግን በአንድ ክረምትና በጋ ጨረስኩት፤ ይኸው አሁን ለዚህ ለእኛ ለሐበሾቹ መጽሔት እየጻፍኩ ነው፤ እጄን የሚያቆመው አላገኘሁም።

ትናንት ቤት ገብቼ ነገርኳት። ጡረታ የማታውቀው እናቴ አሁን ባሕሪ ከተማ ሰው ቤት ተቀጥራ ትሠራለች፤ ገና እግሯን እየታጠበች ነበር። መቀጠሬን ሰምታ፣ «ማሻአላህ» አለች፤ የሐሙሱን ስነግራት ግን እግሯን ከሳፋው አወጣች።

«ለብቻሽ? ከዳይሬክተሯ ጋር?»

«ለብቻዬ።»

«ምን ልትያት ነው?»

«ጠመኔው ይሰባበራል፤ ሁለቱ ዴስኮች ያዘምማሉ፤ ረጃጅሞቹን ልጆች ከኋላ ላስቀምጣቸው እላቸዋለሁ።»

«በስንተኛው ጥያቄ ላይ?»

«በመጀመሪያው ነዋ፣ እማ።»

«ባለጌ!» አለችኝና ሳቀች። እናቴ እንደዚያ ስትስቅ አይቻት አላውቅም፤ ውሃው ተገለበጠ፤ እኔም ሳቅሁ፤ ያኔ ነው ደስታዬ የራሴ መሆኑ የገባኝ። ጣቶቼ ድረስ ነዘረኝ።

እንባዋን ጠራርጋ ስታበቃ መልእክት ሰጠችኝ፤ ለእናንተ ነው። «ስንት ልጅ አለች ‹ምንም አልጎደለም› እያለች የምትደርቅ። ጻፊላቸው፤ ዓርብ ከዐስር በኋላ ዴም እኛ ግቢ ይምጡ። እኔ ማዳም ሆኜ እቀመጥላቸዋለሁ።» እኔም አደርሳለሁ። አለቃችሁን የምታገኙበት ቀን ከቀረበ፣ ሰው ቤት ብትሠሩ፣ ሱቅ ብትሠሩ፣ ቢሮ ብታጸዱ፣ ኑ። ማንንም የዘሐራ ቤት የት ነው በሉ፤ ያሳያችኋል። ልጅ ያላት ልጇን ይዛ ትምጣ፤ እናንተ ስትለማመዱ እኔ አጫውታቸዋለሁ። ፊት ለፊት መናገር የምታፍር ካለች ጀርባዋን ሰጥታ ትጀምር፤ እናቴ ፈቅዳለች።